ስለ ደብር ዛፍና ስለ ባሕር አጥንት

በጎጃም ቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ለመምህሩ በነገረ ጊዜ፥ መምህሩ አስቀድሞ የሚመረምረው የቃሉን ማማር አይደለም፤ ሰሙ ከወርቁ ጋራ ይስማማ እንደ ሆነ ነው እንጂ። ሰሙ አምሮ ወርቁ የጠፋበት ቅኔ፥ ቤቱ ቢመታም ዜማው ቢጥምም፥ በጉባኤው ፊት ይወድቃል። ይህ ሚዛን ለግእዝ ቅኔ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ስለ ፍጥረት የሚጻፈውን መጽሐፍና የሚዘጋጀውን ፊልምም ሊመዝን ይችላል። እንዲያውም በዚህ ዘመን የፍጥረት ነገር በደማቅ ሥዕል እየተዋበ ለሕዝብ ስለሚቀርብ፥ የሰሙ ማማር የወርቁን መጥፋት እንዳይሸፍነው ሚዛኑ ከቀድሞ ይልቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ሚዛን ጎን ለጎን ሊቀመጡ የሚገባቸው ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2007 ያቀረቡት፥ ስለ ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደኖችና እነርሱን ስለ ማደስ የሚናገረው የምርምር መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ጄፍ ኦርሎውስኪ አዘጋጅቶት በ2017 ለሕዝብ የታየው ‹ቼሲንግ ኮራል› የተባለው ፊልም ነው፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ‹ኮራልን ተከትሎ› እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አንዱ የደጋ ነው፥ ሁለተኛው የጥልቅ ባሕር ነው፤ አንዱ በቍጥርና በሠንጠረዥ ይናገራል፥ ሁለተኛው በሥዕልና በዕንባ። ነገር ግን ሁለቱም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም ቆሞ የሚታይ ነገር ሁሉ በሕይወት አለን? የሚል ነው።

ኮራል ለደጋ ሰው እንግዳ ነገር ስለ ሆነ አስቀድሞ ምንነቱን መናገር ይገባል። ኮራል ሲነኩት ድንጋይ፥ ሲያዩት አበባ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ድንጋይም አበባም አይደለም፥ እንስሳ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ እጅግ ትንሽ ሁኖ፥ በአፉ ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው ቀጫጭን እጆች አሉት። ከባሕሩ ውኃ ኖራ የሚሆነውን እየወሰደ ከበታቹ አጥንት ይሠራል፤ ልጆቹም በአባቶቻቸው አጥንት ላይ እየተተከሉ እልፍ ሁነው ሲኖሩ፥ በሺሕ ዓመታት ውስጥ ከባሕር በታች ታላቅ ቅጥር ይነሣል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዐይን የማይታይ፥ አልጌ የተባለ ደቂቅ ፍጥረት አስጠግቶ ያኖራል። ይህም እንግዳ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አዘጋጅቶ አብዛኛውን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የኮራሉም ቀለም በብዙው ከእርሱ ነው። የውኃው ሙቀት ከለመደው የበጋ ጫፍ በአንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ሳምንታት ከቈየ ይህ ማኅበር ይፈርሳል። እንግዳው ይወጣል፥ ኮራሉም ነጭ ይሆናል። ነጭ የሆነ ኮራል ገና አልሞተም፤ ተርቧል እንጂ። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ እንግዳው ተመልሶ ይድናል፤ ሙቀቱ ከጸና ግን ይሞታል። ከሞተም በኋላ አጥንቱ ለብዙ ጊዜ እንደ ቆመ ይቈያል፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቅጥሩ አልፈረሰም።

የኮራል ቅጥሮች ከባሕር ወለል አንድ መቶኛውን እንኳ አይሸፍኑም፤ ነገር ግን ከባሕር ፍጥረት ዓይነት አንድ አራተኛው ያህል በእነርሱ ተጠግቶ እንደሚኖር ይነገራል። ዓለምን ያዳረሰው መንጣት መጀመሪያ በ1998፥ ሁለተኛ በ2010፥ ሦስተኛ ከ2014 እስከ 2017 ደረሰ፤ በ2023 የጀመረውንም አራተኛውን ተመራማሪዎች በሚያዝያ 2024 ለዓለም አስታወቁ።

ፊልሙ የሚነሣው ከዚህ ነገር ነው። ሪቻርድ ቪቨርስ የተባለው፥ ቀድሞ በለንደን የንግድ ማስታወቂያ ይሠራ የነበረ ሰው፥ ይህ ጥፋት ቸል የተባለው ከሰው ዐይን ስለ ራቀ ነው ብሎ፥ የኮራሉ መንጣት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሥዕል እንዲታይ አሰበ። በባሕር ወለል ላይ ተተክለው በየጊዜው ሥዕል የሚያነሡ መሣሪያዎች ተሠሩ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ደብዝዞ ወጣ፥ ድካሙም ፍሬ አላገኘም። በዚህ ጊዜ ዛክ ራጎ የተባለው ወጣትና ባልንጀሮቹ በአውስትራልያ ወዳለው ታላቅ የኮራል ቅጥር ሄደው፥ በሊዛርድ ደሴት አጠገብ ቀን በቀን እየጠለቁ ያንኑ ስፍራ በእጃቸው ያነሡ ጀመር።

የፊልሙ ኀይል ሁሉ በዚህ ክፍል ተሰብስቧል። መሣሪያው ሳለ ሥራው ብልሃት ነበር፤ መሣሪያው ከወደቀ በኋላ ግን ሥራው አስታማሚ በሕሙም አልጋ አጠገብ እንደሚቀመጠው ሆነ። ያው ስፍራ ዛሬ ቀለም አለው፥ ነገ ይነጣል፥ ከነገ ወዲያ አረም ይለብሳል፤ ወጣቱም የሚወደውን ሲሞት ለማየት በየማለዳው ይጠልቃል። ተመልካቹን የሚያሳዝነው የዘፈኑ ዜማ ወይም የተራኪው ቃል አይደለም፤ የቀኑ ቍጥር ነው። በዚያው በ2016 ከመጋቢት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከዚያ ታላቅ ቅጥር ኮራል 30 ከመቶ ያህል እንደ ጠፋ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ይህን ቍጥር በጋዜጣ ያነበበ ሰው ወዲያው ሊረሳው ይችላል፤ ቀን በቀን ያየው ግን አይረሳውም።

ደግሞም በኒው ካሌዶንያ የታየው ክፍል ለቅኔ ሰው ልዩ ትምህርት አለው። በዚያ ሙቀት የያዘው ኮራል እንደ ልማዱ ነጥቶ አልቀረም፤ ከመሞቱ በፊት ሐምራዊና ብጫ ሁኖ፥ በጤናው ጊዜ ያልነበረውን ድምቀት አበራ። ቀለሙ ራሱን ከፀሐይ ለመከላከል የሚያወጣው እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ነገሩን የማያውቅ ዋናተኛ እንዴት ያማረ አትክልት ነው ብሎ አድንቆ ያልፋል። ሰሙ ውበት፥ ወርቁ ሞት የሆነበት ነገር በፍጥረት መጽሐፍ ከዚህ ይልቅ ገልጦ የተጻፈበት ስፍራ ጥቂት ነው። አዘጋጁም ብዙ ቃል ሳይጨምር ሥዕሉን ብቻውን መተዉ ያስመሰግነዋል።

የፊልሙ ጕድለት ግን ከዚሁ ኀይሉ የተወለደ ነው። ሞትን ቀን በቀን የቈጠረ ሥራ፥ ልደትን በዚያው ትጋት አልቈጠረም። ኮራል ይወለዳል፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጥቂት ሌሊቶች፥ ጨረቃ ከሞላች በኋላ፥ በአንድነት ዘራቸውን ወደ ውኃው ይለቅቃሉ፤ ከዚያም የሚገኘው ሽል በማዕበል ላይ ሲንሳፈፍ ሰንብቶ የሚጠጋበትን ዓለት ይፈልጋል። የሚታደስ ቅጥር ከዚህ በቀር ተስፋ የለውም። በፊልሙ ከሚናገሩት ሊቃውንት አንዷ፥ በ2018 ያረፉት ዶክተር ሩት ጌትስ፥ ሙቀት የሚችለውን ኮራል መርጦ የማራባትን ነገር በሃዋይ ሲመረምሩ የኖሩ ናቸው፤ ይህ ሥራቸው ግን ከፊልሙ ዋና መንገድ ወደ ዳር ቀርቷል። ተመልካቹ ኀዘኑን ይዞ ይወጣል፤ በዚያ ኀዘን ምን ሊሠራበት እንደሚገባ የተነገረው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ለጎጃም ምን ይረባዋል የሚል ይኖራል። ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ የዳህላክ ደሴቶች ኮራልም በኤርትራ ነው። ዳሩ ግን ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደጀን ወይም ወደ ደምበጫ የሚሄድ መንገደኛ፥ በጤፉና በስንዴው ማሳ መካከል ብቻውን የቆመ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ባየ ጊዜ፥ ማንንም ሳይጠይቅ ደብር መሆኑን ያውቃል። ጽዱ፥ ወይራው፥ ዝግባው፥ ዋንዛው፥ ጥቁር እንጨቱ በሌላው ስፍራ ለእርሻና ለማገዶ ተቈርጦ ሲያልቅ፥ በዚያ ቀርቷል። ሊቃውንት የቤተ ክርስቲያንን ግቢ ዐጸድ ብለው ሲጠሩት፥ ቃሉ የታጠረ የአትክልት ቦታ ማለትን የያዘ ነውና፥ ዛፉና አጥሩ በአንድ ስም ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ዛሬ የውጭ አገር ሰዎች እነዚህን ደኖች በእርሻ ባሕር መካከል ያሉ ደሴቶች ይሏቸዋል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው ደሴቱን ማየት ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚኖረውን ማወቅ ነው።

ስለ እነዚህ ደኖች ዓለም የሚያውቀው በይበልጥ ከሰማይ በተነሡ ሥዕሎች ነው፤ ከእነዚያም ስኮትላንዳዊው ኪረን ዶድስ ያነሣቸው የታወቁ ናቸው። በሥዕሎቹ ላይ ክቡ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እንደ ዐይን ብሌን በመካከል ይታያል፤ በዙሪያው ደኑ፥ ከደኑም ውጭ የታረሰው መሬት። እነዚህን ሥዕሎች ማናናቅ አይገባም። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ዶክተር ሜግ ሎውማን ካህናቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሣ ሥዕል ባሳዩአቸው ጊዜ፥ ከመሬት ሲያዩት ሰፊ የሚመስለው ደን ምን ያህል ጥቂት እንደ ቀረ ካህናቱ ተመልክተው ደነገጡ፤ ከድንጋጤያቸውም ሥራ ተወለደ። ነገር ግን ሥዕሉ የሚያሳየው የዛፎቹን አናት ነው። ውስጠ ወይራ የተባለው የቅኔ መንገድ ምሥጢሩን ከውስጥ እንደሚሰውር፥ የደኑም ነገር ከቅጠሉ በታች ተሰውሯል። በኢጣልያ ዘመን፥ በ1938፥ ከአውሮፕላን የተነሡትን ሥዕሎች ከዛሬዎቹ ጋራ ያስተያዩ ተመራማሪዎች፥ በደቡብ ጎንደር የብዙዎቹ ደኖች ስፋት ሳይጠፋ መቈየቱን አግኝተዋል፤ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን አልቋል፥ ባሕር ዛፍም ገብቷል። እንግዲህ ስፋቱ እንደ ነበረ ሁኖ ውስጡ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ቅጥሩ የቆመ ኮራልም እንዲሁ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ የመረጡት መንገድ ሌላ ነው፤ ከመሬት ጀመሩ። ከጎጃም በዓባይ በሚለየው በደቡብ ጎንደር፥ ከ1,800 እስከ 3,100 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ የሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርጠው፥ በየዐጸዱ ያለውን እንጨት በየዓይነቱ ቈጠሩ። በድምሩ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና ሐረግ ተገኘ፤ የሚበዛውም የአገሩ ተወላጅ ነው። ከፍታው ሲለወጥ ዛፉም ስለሚለወጥ፥ አንዱ ደብር የያዘውን ሁሉ ሌላው ደብር አልያዘም። ስለዚህ አንዱ ደን ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ብሎ መጽናናት ስሕተት መሆኑ በቍጥር ተገለጠ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል የመጽሐፉ ወርቅ ነው። ደራሲው ትልልቁን ዛፍ ቈጥረው አልተመለሱም፤ ወደ መሬት ዝቅ ብለው ዘሩንና ችግኙን ፈለጉ። አፈሩን ወስደው በውስጡ የተኛውን ዘር ሲመረምሩ የተገኘው በይበልጥ የሣርና የአረም ዘር ነው፤ ከደኑ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ እንደማይቈይ ታወቀ። ይህ ነገር በመጽሐፉ በአጭር ቃል ተጽፏል፤ ትርጓሜው ግን ሰፊ ነው። ጎተራው ባዶ መሆኑን ያወቀ ገበሬ በማሳው ላይ ያለውን እሸት ከቀድሞው አብልጦ ይጠብቃል። እናቲቱ ዛፍ ከተቈረጠች ምድሪቱ ከጓዳዋ አውጥታ የምትተካው ዘር የላትምና፥ ደኑ የሚኖረው ዛሬ ከዛፉ በወደቀውና በቶሎ በበቀለው ዘር ነው። ያ ችግኝ ደግሞ በከብት ከተረገጠ ወይም ከተጋጠ ነገሩ አለቀ። በገላውዴዎስና በደብረ ሰና ደኖች ከፊሉን ቦታ አጥረው፥ ከፊሉን ሳያጥሩ ተመልክተው፥ ከብት ባልገባበት ስፍራ ዘሩ ይበልጥ እንደ በቀለ፥ ችግኙም ይበልጥ እንደ ዳነና እንዳደገ አሳዩ።

ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ እዚህ ላይ ሳይፈልገው አንድ ሕብረ ቃል ያገኛል። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ በዐጸዱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን የሚያወጣበት ሥራ ቈጠራ ይባላል፤ ተመራማሪውም በዚያው ዛፍ ሥር ተንበርክኮ የሚሠራው ቈጠራ ነው። ቃሉ አንድ፥ ሥራው ሁለት ነው፤ ዳሩ ግን የሁለቱም ፍጻሜ መተካት ነው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የጸናው መምህሩ ሊቅ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ከመምህሩ እግር ሥር ወንበሩን የሚወርስ ተማሪ በየዘመኑ ስለ ተገኘ ነው። መምህሩ በሕይወት ሳለ፥ ጎጆዎቹም ሳይፈርሱ፥ ተማሪው ከጠፋ ጉባኤው ታጥፏል፤ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ግን ገና አላወቀም። ትልልቅ ጽዶች ቆመው በሥራቸው አንድ ችግኝ የሌለበት ዐጸድም እንዲህ ያለ ጉባኤ ነው። የመጽሐፉ ጥቅም ይህን በቁጭት ቃል ሳይሆን በቈጠራ ማሳየቱ ነው፤ በዚህም ከፊልሙ ይበልጣል። ፊልሙ የሞተውን ቈጠረ፤ መጽሐፉ ያልተወለደውን ቈጠረ።

ሁለቱ ሥራዎች ሲነጻጸሩ ምሳሌው የሚስማማበትን ያህል የማይስማማበትም አለ፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። የደኑ የቅርብ ጠላት የከብት አፍና የምሳር ስለት ነው፤ እነዚህንም የድንጋይ ካብ ሊከለክላቸው ይችላል። በእነዚሁ ተመራማሪዎች ምክርና በካህናቱ ጉልበት በብዙ አድባራት ዙሪያ ካብ ተክቧል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ስለ ሆነ፥ ደኑ ሲታጠር ማሳው ይጠራል፤ ገበሬውም ያለ ደመወዝ የሚረዳበት ምክንያት አገኘ። ይህ ብልሃት ከብዙ ገንዘብ ይልቅ የሚመሰገን ነው። የኮራሉ ጠላት ግን የውኃው ሙቀት ነው፤ ለሙቀት ደግሞ ካብ አይካብለትም። በፍሎሪዳ የኮራሉን ስባሪ በገመድ ላይ አንጠልጥለው አሳድገው፥ በዓለቱ ላይ መልሰው የሚተክሉ ሠራተኞች ለዓመታት ደክመዋል፤ በ2023 በጋ ግን ባሕሩ እጅግ ስለ ሞቀ፥ ከተተከለው ብዙው ሞተ፥ የቀረውንም ለማዳን እያወጡ በየብስ ወዳለ ገንዳ ወሰዱት። ችግኝ ጣቢያው ራሱ ተሰደደ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ደጋው ከሙቀት ያመለጠ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ምድር ስትሞቅ ዛፍ በእግሩ አይሸሽም፤ የሚሸሸው በልጁ ነው። ይኸውም ወፍ የወሰደው ዘር ከእናቱ ከፍ ባለ ቀዝቃዛ ስፍራ ሲበቅል ነው። በአንዱ ደብርና በሌላው ደብር መካከል ያለው ሁሉ እርሻ ከሆነ ግን ዘሩ የሚወድቀው በማሳ ላይ ነው፤ በማሳ ላይ የበቀለውንም ማረሻ ይገለብጠዋል። ከደብረ ማርቆስ በላይ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አስታውና ጅባራው ግን ከጫፉ ወዲያ የሚወጣበት ምድር የለውም። ስለዚህ ካቡ የሚሰጠው ፈውስ አይደለም፤ ጊዜ ነው። ችግኙ እስኪያድግ፥ በደብርና በደብር መካከል በየወንዙ ዳርና በየድንበሩ የአገር ዛፍ እስኪተከል የሚጠብቅ ጊዜ ነው። ፊልሙ በመጨረሻው የሚናገረው፥ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ጢስ ካልተቀነሰ ሁሉም መታደስ ከንቱ ይሆናል የሚለው ቃል፥ በመጽሐፉ የጎደለውን ይሞላል። መጽሐፉ የሚናገረው የመተካት ነገር ደግሞ የፊልሙን ጕድለት ይሞላል።

ከቀይ ባሕርም አንድ ትምህርት ይጨመራል። በሰሜኑ ጫፍ፥ በዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ያለው ኮራል፥ ሌላውን የሚያነጣውን ሙቀት ሲችል ተገኝቷል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ አባቶቹ ከጥንቱ የበረዶ ዘመን በኋላ ወደ ሰሜን የገቡት በደቡቡ እጅግ በሞቀው በር አልፈው ስለ ሆነ፥ ያን የቻለው ብቻ ዘር ተክቷል ይላሉ። ለደብር ዛፍም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባል፤ በወይና ደጋው ጠርዝ፥ ወደ ዓባይ በረሃ ቍልቍል በሚያዩ አድባራት የቆመ ወይራ፥ ከደጋው ወይራ ይልቅ ሙቀት የለመደ ዘር ይዞ ሊሆን ይችላልና። እንግዲህ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ የቆላ ዳር ደብር ለነገ የሚሆነውን ዘር ያዥ ሊሆን ይችላል።

ሚዛን እውነተኛ የሚሆነው በራስ ወገን ላይም ሲያመዝን ነው። ደኑን የጠበቀው የካህናቱና የምእመናኑ ፍርሀተ እግዚአብሔር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ዐጸዱን ከውስጥ የሚያጠበውም በአንዳንድ ስፍራ የገዛ ወገኑ ነው። የሲሚንቶ መቃብር በዛፉ ሥር ይሠራል፤ አዳራሽ ሲታነጽ ችግኙ ይመነጠራል፤ ለጣሪያ ቆርቆሮና ለዕድሳት ገንዘብ ሲፈለግ የአገሩ ዛፍ በነበረበት ባሕር ዛፍ ይተከላል። የባሕር ዛፍ ነገድ ከአውስትራልያ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ እጦት መድኀኒት ሁኖ ገብቶ ከተማውን ጠቅሟል፤ ዛሬም ለገበሬው ጥሪት ነው። ያ ታላቅ የኮራል ቅጥር የሚገኝበት አገርና ይህ ዛፍ የተነሣበት አገር አንድ መሆኑ የሚገርም ነው። ስፍራው ግን የእርሻ ዳር እንጂ ዐጸድ አይደለም፤ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነውና ከሰማይ የተነሣው ሥዕል ለይቶ አያጋልጠው ይሆናል። በዐጸዱ የገባ ባሕር ዛፍ ደኑ ያልጠፋ አስመስሎ የሚያሳይ ሰም ነው።

ለመጽሐፉም ነቀፋ አይቀርለትም። አንደኛ፥ ዛፉን የጠበቀው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ከዛፉ ይልቅ ደብዝዞ ይታያል። የዐጸዱ ዛፍ ያልተቈረጠበት ምክንያት በሥርዐተ ደን አይፈታም፤ የተማሪው ጥላ፥ የነዳዩ መጠለያ፥ የሙታን ማረፊያ፥ የጉባኤው አደባባይ ስለ ሆነ ነው። ይህን ያልዘረዘረ ቈጠራ ግማሹን ሳይቈጥር ይቀራል። ሁለተኛ፥ መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛና በባለ ሙያ ቋንቋ ነው፤ ችግኙን ከከብት የሚጠብቀው ቄሰ ገበዝና አጋፋሪ ግን የሚያነበው አማርኛና ግእዝ ነው። ይህ ነቀፋ የሚጠነክረው ደራሲው አማርኛ የሚያንሳቸው ሰው ስላይደሉ ነው፤ ‹እመጓ› በተባለው መጽሐፋቸው ብዙ የአማርኛ አንባቢ አግኝተዋልና። ሊቁ ለዩኒቨርሲቲው የጻፉት ስለ አፈሩና ስለ ዘሩ የሚናገረው ምዕራፍ፥ ሠንጠረዡ ቀርቶለት፥ በአማርኛ ተጽፎ በየደብሩ ዕቃ ቤት ቢቀመጥ፥ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይጠቅማል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩት፥ የሚቈጥሩበትን ዛፍ ስሙን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ያውቁ ነበር።

እንግዲህ በሰምና ወርቅ ሚዛን ሲመዘኑ፥ ፊልሙ ሰሙ ደማቅ፥ ወርቁ እውነተኛ ግን ግማሽ የሆነ ሥራ ነው፤ ሞትን ያሳያል፥ መወለድን ይተዋል። መጽሐፉ ሰሙ ደረቅ፥ ወርቁ ምሉዕ የሆነ ሥራ ነው፤ የሚያነበው ሰው ትዕግሥት ይጠየቃል፥ ትዕግሥቱም ይከፈለዋል። ከሰማይ የተነሡት ሥዕሎች በር ናቸው፤ በበሩ አልፎ ያልገባ ግን ቤቱን አላየም። ሦስቱንም አብሮ የሚያይ አንባቢ፥ በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ በዐጸዱ ውስጥ ሲያልፍ፥ እንደ ልማዱ ወደ ዝግባው አናት ብቻ አይመለከትም። ከሥሩ በሣሩ መካከል ሁለት ቅጠል ያወጣ ነገር እንዳለ ለማየት ወደ መሬት ያያል። ካለ፥ ከብት እንዳይገባ ካቡን ይመለከታል፤ ከሌለም፥ ዛሬ በቆመው ዛፍ ሳይመካ፥ ለአለቃው ይነግራል።